የፈረንጅ ገና፣ እንቁራሪቱና የዱቤ ደብተሬ

ባለፈው ዓመት የፈረንጅ ገና ናይሮቢ ላይ ያዘኝ። ዕቃዬ አልተጫነም፣ ባንክ 25 እና 26 ዝግ ነው፣ ትራንዚተሬም ስልኩን አጥፍቶ አገሩ ገብቷል። በሞያሌ መንገድ የምትመላለሱ ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ በእነዚያ ቀናት ከመጠበቅ ሌላ ሥራ የለም። እኔ ደግሞ መጠበቅ አልችልበትም። ስለዚህ ታናሽ እህቴ ቤት፣ ሳሎኑ ጥግ ላይ ደብተሬን ዘርግቼ የዓመቱን ዱቤ መደመር ጀመርኩ።

የሚያውቁኝ ሰዎች በዚህ ደብተር ይስቁብኛል። የኮሜርስ ዲፕሎማዬን ከያዝኩ ሃያ ምናምን ዓመት ቢያልፍም አያያዜ አሁንም የተማሪ ነው። በግራ ገጽ የወጣ ዕቃ፣ በቀኝ ገጽ የገባ ገንዘብ፣ ከታች ቀሪ። በሰዓቱ የሚከፍል በሰማያዊ፣ የሚያዘገይ በጥቁር፣ መምህሮቻችን «አጠራጣሪ ዕዳ» ይሉት የነበረው ደግሞ በቀይ። በዚያን ቀን በቀይ የተከበበ አንድ ስም ነበር። ኢስሊ ውስጥ የሐበሻ ልብስ የምትሸጥና የምትጠግን እህት ናት። 30 ነጠላ እያንዳንዱ በ1,200 ሺሊንግ፣ 20 ኪሎ በርበሬ በ800፤ በድምሩ 52,000። የከፈለችው 14,000። ቀሪ 38,000። አምስት ወር አልፎታል።

ያሰብኩትን አልደብቃችሁም። በ27 ጠዋት አንድ የሰፈር ደላላ ይዤ ሄጄ የስፌት ማሽኗን በመያዣነት ላነሳ ወስኜ ነበር። ለደላላውም ነግሬዋለሁ። ሁለቱን የበዓል ቀን እንዳልነካባት ሳስብ እንዲያውም ደግ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

የእህቴ ልጆች ሦስት ናቸው፤ ናይሮቢ የተወለዱ። በየዓመቱ በዚህ ቀን አንድ ፊልም ሳያዩ አያመሹም። «አክስቴ፣ ደብተሩን እጠፊውና ነይ» አለችኝ ትልቋ። ምንድን ነው ብዬ ዞር ብል ቴሌቪዥኑ ላይ የጨርቅ እንቁራሪት ካፖርት ለብሶ ይሄዳል። ለአርባ አራት ዓመት ሴት የጨርቅ እንቁራሪት ምኗ ነው? እህቴ ግን ከወጥ ቤት «እታለም፣ አንድ ቀን እንኳ ከልጆቹ ጋር ቁጭ በይ» ስትለኝ አፈርኩ። እነሱ ኬክ ይበላሉ፤ እኔ ጾም ላይ ስለነበርኩ ሻይና ቆሎዬን ይዤ ተቀመጥኩ። ደብተሩንም ጉልበቴ ላይ አደረግሁት፤ ፊልሙ ሲሰለቸኝ ልመለስበት።

ፊልሙ «ዘ ማፔት ክሪስማስ ካሮል» ይባላል፤ በ1992 የወጣ ነው። ታሪኩ እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ በ1843 ካሳተመው መጽሐፍ የተወሰደ ነው። ለንደን ውስጥ ስክሩጅ የሚባል ገንዘብ አበዳሪ አለ፤ ለሰው የማያዝን፣ ለራሱም የማይደሰት። በገና ዋዜማ ሌሊት መናፍስት እየመጡ ያለፈውን፣ አሁን ያለውንና ወደፊት የሚመጣውን ሕይወቱን ያሳዩታል። ስክሩጅን የሚጫወተው ማይክል ኬን ነው፤ ሰው ነው። በዙሪያው ያሉት ግን አብዛኞቹ አሻንጉሊቶች ናቸው። ጸሐፊው ቦብ ክራቺት ከርሚት የሚባለው እንቁራሪት፣ የጸሐፊው ሚስት አሳማ፣ ሒሳብ ያዦቹ አይጦች። ታሪኩን የሚተርክልን ደግሞ ጎንዞ የሚባል አፍንጫው የተንጠለጠለ ሰማያዊ ፍጡር ነው።

መጀመሪያ የሳቅሁት በአይጦቹ ነው። ትንንሽ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው ብዕር ይዘው ይጽፋሉ። ብርዱ ሲጠናባቸው ምድጃው ላይ ከሰል ይጨመርልን ብለው ይጠይቃሉ። ስክሩጅ ከሥራ ስለማባረር አንድ ቃል ሲጮህባቸው ወዲያው ሙቀት የበዛበት አገር ሰው መስለው መዝፈን ይጀምራሉ። ልጆቹ በሳቅ ወደቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ምክንያቱም መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ በሠራሁባቸው ሁለት ዓመታት እኔም እንዲሁ ነበርኩ። ደመወዝ ዘገየ እንል ነበር፤ አለቃው ብቅ ሲል ግን ሁሉም ሰላም ነው።

ከዚያ ስክሩጅ ጸሐፊውን ጠርቶ ለነገ የሚሆኑትን የቤት ልቀቁ ማስጠንቀቂያዎች እናዘጋጅ ይለዋል። እንቁራሪቱ በፍርሃት፣ ነገ እኮ ገና ነው ይለዋል። ስክሩጅም እንግዲያው በስጦታ ወረቀት ጠቅልላቸው ይላል። ልጆቹ አሁንም ሳቁ። እኔ ቆሎውን አፌ አጠገብ አድርሼ ቀረሁ። 27 ጠዋት። በዓሉን አልነካሁባትም። ጉልበቴ ላይ ያለው ደብተር ከበደኝ።

ቢሆንም ወዲያው ራሴን መከላከል ጀመርኩ፤ ነጋዴ ነኛ። እንቁራሪቱ ለሠራተኞቹ የበዓል ፈቃድ ሲጠይቅ ያቀረበውን ምክንያት ወደድኩለት። ማዘን አለብህ አላለውም። ነገ ሌላው ሁሉ ዝግ ነው፣ ከማን ጋር ትነግዳለህ፣ ከሰሉ በከንቱ ይነዳል አለው። ይህ የሒሳብ ሰው አነጋገር ነው። እኔስ ሳሎን ውስጥ የተቀመጥኩት ባንኩ ስለተዘጋ አይደል? መጽሐፉ ውስጥ የዚህ ጸሐፊ ደመወዝ በሳምንት 15 ሺሊንግ ነው። ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው ሺሊንግ ሲባል የኬንያው መስሏቸው «በ15 ሺሊንግ ምን ይገዛል?» ብለው ተገረሙ። የዚያን ጊዜው የእንግሊዝ ሺሊንግ ሌላ ነው ብዬ አስረዳኋቸው፤ ግን ያም ቢሆን ለቤተሰቡ አይበቃም ነበር።

ፊልሙ እየሄደ ሳለ ዓይኔ ወደ ጨርቁ ሄደ። ስንት ዓመት ጨርቅ በጣቴ እያሻሸሁ ስገዛና ስሸጥ ኖሬ እንዴት አልሄድም? ከርሚትን በ1955 የሠራው ጂም ሄንሰን የሚባል አሜሪካዊ ወጣት ነው። የመጀመሪያውን ከርሚት የቆረጠው እናቱ ከጣለችው አሮጌ ካፖርት ሲሆን፣ ዓይኖቹን የሠራው ለሁለት ከተከፈለ የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ ነው። አሠራሩም ቀላል ነው። የአንድ ሰው እጅ ጨርቁ ውስጥ ይገባል፤ ጣቶቹ የላይኛው ከንፈር፣ አውራ ጣቱ የታችኛው ይሆናሉ። ክንዶቹ በቀጭን ዘንግ ይንቀሳቀሳሉ። ፊቱ ላይ የሚታየው ሐዘንም ሆነ ደስታ ውስጥ ያለው ጡጫ ሲጨበጥና ሲላላ ነው።

ጂም ሄንሰን በ1990 በ53 ዓመቱ ሞተ። ይህን ፊልም ያዘጋጀው ልጁ ብራያን ነው፤ ፊልሙንም ለአባቱ መታሰቢያ አድርጎታል። አሻንጉሊቶቹን የሚይዙት ሰዎች በካሜራው እንዳይታዩ የቤቶቹ ወለል ከፍ ተደርጎ ይሠራና ሳንቃው እየተነሣ እነሱ ከታች ይቆማሉ። ማይክል ኬን በቀዳዳዎቹ መካከል በቀረው ጠባብ ሳንቃ ላይ ነበር የሚሄደው። ከእግሩ ሥር ሰዎች እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ቆመዋል። እሱ ግን አንድም ጊዜ ወደ ታች አያይም። ሲቀጠርም ከትልቅ የሼክስፒር ቲያትር ቡድን ጋር እንደምሠራ አድርጌ ነው የምጫወተው፣ አሻንጉሊት እንደሆኑ የማውቅ አልመስልም ብሎ ነበር። እንዳለውም አደረገ። እንቁራሪቱን ሲቆጣ እውነተኛ ቁጣ ነው፤ ሲያፍርበትም እውነተኛ ሐፍረት። ልጆች ይህን አያስተውሉትም፤ ለእነሱ እንቁራሪቱ ከመጀመሪያውም ሰው ነው። ትልቅ ሰው ሆናችሁ ስታዩት ግን ይገርማችኋል። ሰውየው ጨርቅ እያየ ሰው ያያል። እኔ ደብተሬ ላይ ሰው እያየሁ 38,000 አያለሁ።

ከመናፍስቱ በፊት የሚመጡት የሞቱት የስክሩጅ ሸሪኮች ናቸው። ሁለት ወንድማማች ሽማግሌዎች፣ በሰንሰለት ታስረው፣ በሰንሰለቱ ላይ የገንዘብ ሣጥን ተንጠልጥሎ። ሣጥኖቹ ራሳቸው አፍ አውጥተው አብረው ይዘፍናሉ። ትንሹ ልጅ ፈርቶ ብብቴ ሥር ገባ። እኔ የገረመኝ የሚያወሩት ነገር ነው። በሕይወት ሳሉ ወላጅ አልባ ልጆችን በብርድ ከቤት ያስወጡበትን ቀን ያነሡና ይሥቃሉ፤ ከሥቃያቸው መካከልም አሁንም ያስቃቸዋል። እኛስ ተሰብስበን ቡና ስንጠጣ «እገሌን እንዴት አድርጌ እንዳስከፈልኩት» እያልን አንሥቅም?

ከዚያ ልጆቹ የማይወዱት ክፍል መጣ። ስክሩጅ ወጣት ሳለ ቤል የምትባል እጮኛ ነበረችው። ሰርጉን ዘንድሮ አይሆንም፣ ገቢው ይሻሻል፣ ንግዱ ይቁም እያለ ያራዝማል። በመጨረሻ በበረዶ መካከል ትሰናበተዋለች፤ በዘፈን። ይህ ዘፈን ፊልሙ ሲኒማ ቤት ሲታይ ተቆርጦ ወጥቶ ነበር፤ ለልጆች አይሆንም ተብሎ። እህቴ ቤት ያለው ፍላሽ ላይ ያለው ቅጂ ግን ዘፈኑ አለበት። ልጆቹም ልማዳቸው ይመስላል፣ ዘፈኑ ሲጀምር ተነሥተው አንዱ ሽንት ቤት፣ አንዷ ማቀዝቀዣው ጋ ሄዱ። ሳሎን ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ።

ያ ክፍል የእኔ ነበር። ሰውየው ክፉ አይደለም እኮ። የሚወዳትን ሴት አልተዋትም፤ ያራዘመው ብቻ ነው። እኔም ልጄ ሦስት ዓመት ሳይሞላት ነው የሞያሌን መንገድ የጀመርኩት፤ አዲስ አበባ እናቴ ናት ያሳደገችልኝ። በእኔ ጊዜ ቴሌቪዥን ላይ አባባ ተስፋዬ ነበሩ፤ በልጄ ጊዜ ደግሞ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» መጣ። ፀሐይ ቀጭኔ ናት፤ ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር ሆና የፈጠረቻት የጨርቅ አሻንጉሊት። ልጄ ስልክ ስደውል በፀሐይ ድምፅ ታናግረኝ ነበር። «እማ፣ ስትመጪ አብረን እናያለን» ትለኛለች። እኔም «ይቺን ጭነት ላውጣና» እላለሁ። ጭነት ግን አያልቅም፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። ዛሬ ልጄ ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። ያንን ቀጭኔ አንድም ቀን ከእሷ ጋር ቁጭ ብዬ አላየሁትም። አልወቀሰችኝም፤ የትምህርት ቤት ክፍያዋን ያ ጭነት እንደከፈለ ታውቃለች። እኔም አውቃለሁ። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አያጣፋውም።

ልጆቹ ተመለሱ፤ ዓይኔን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁ።

ወደፊት በሚታየው ክፍል ላይ ስክሩጅ ሞቷል፤ ማንም አላዘነለትም። የቤት ሠራተኞቹ ብርድ ልብሱንና የአልጋ መጋረጃውን አምጥተው ለአንድ አሮጌ ዕቃ ገዢ ይሸጣሉ። ገዢው ሸረሪት ነው። ብርድ ልብሱ ገና ሙቀት እንዳለው ሲያይ ለሙቀቱ ተጨማሪ አልከፍልም ይላል። ቀልድ ነው፤ ግን እኔ የሸረሪቱን አነጋገር አውቀዋለሁ። እኔም ከሐዘን ቤት የወጣ ዕቃ በቅናሽ ገዝቻለሁ፤ የማን እንደነበረም አልጠየቅሁም። ቀጥሎ የጸሐፊው ቤት ይታያል። ትንሹ የታመመ ልጁ ቲም አሁን የለም፤ ክራንቹ ብቻ ምድጃው አጠገብ ተደግፏል። እንቁራሪቱ ለቤተሰቡ ሲል ድምፁን አረጋግቶ ይናገራል። እጅ የገባበት ጨርቅ መሆኑን እያወቅሁ አለቀስኩ። ትንሹ ልጅ «አክስቴ፣ አታልቅሺ፣ መጨረሻው ጥሩ ነው» አለኝ።

እውነትም ጥሩ ነው። ስክሩጅ ነቅቶ ይሮጣል፣ ይሰጣል፣ ይሥቃል። የጸሐፊውን ደመወዝ ይጨምራል፤ የቤቱንም ብድር እከፍልልሃለሁ ይላል። ልጆቹ አጨበጨቡ።

እዚህ ላይ ግን ከፊልሙ ጋር አልተስማማሁም። ስክሩጅ ሀብታም ነው፤ ዕዳ ቢሰርዝ አይጎዳም። እኔ 38,000 ብሰርዝ እኔም ለሸማኔዎቹ ባለዕዳ ነኝ፤ እነሱም ለድር ነጋዴው። በዱቤ የምንሠራ ሰዎች በአንድ ገመድ ላይ የተንጠለጠልን ነን፤ አንዱ ሲለቅ ሌላው ይወድቃል። «ይቅር በሉ» ማለት ለተረት ጥሩ ነው፤ ዱቤን በይቅርታ ብቻ የያዘ ሱቅ ግን ዓመት አይከርምም።

ማታ ልጆቹ ሲተኙ ይህን እያሰብኩ ስለ ዲከንስ የተማርኩት ትዝ አለኝ። ሰውየው ዕዳን በወሬ አልነበረም የሚያውቀው። በ1824 አባቱ ለአንድ ዳቦ ጋጋሪ የነበረበትን 40 ፓውንድ ከ10 ሺሊንግ መክፈል አቅቶት ለንደን ውስጥ ማርሻልሲ በሚባል የባለዕዳዎች እስር ቤት ገባ። ቻርልስ ያኔ የ12 ዓመት ልጅ ነበር፤ ትምህርቱን አቋርጦ የጫማ ቀለም ፋብሪካ ውስጥ ጠርሙስ ላይ ወረቀት ይለጥፍ ነበር። የዚያ ዘመን ሕግ እንዲህ ነበር፤ መክፈል ያቃተውን ሰው ሠርቶ መክፈል ከሚችልበት ቦታ አውጥቶ ያስራል። እንደ ሒሳብ ሰው አሰብኩት። ይህ ጭካኔ ብቻ አይደለም፤ ሞኝነትም ነው። የታሰረ ሰው ምን ሠርቶ ይከፍላል? ወዲያውም ሌላው ጥያቄ መጣ። የስፌት ማሽኗን የወሰድሽባት ሴት ምን ሰፍታ ትከፍልሻለች?

ስልኬን አነሣሁ። ከዚያች እህት ሦስት የድምፅ መልእክት አለ፤ ረጅሙ አራት ደቂቃ። ሦስቱንም «ሰላም ነሽ እህቴ፣ እንዴት ሰነበትሽ፣ ልጅሽ ደኅና ናት» የሚለው ላይ ዘግቻቸዋለሁ። ባለዕዳ ሰላምታ ሲያበዛ ገንዘብ የለም ማለት ነው፤ በንግድ የተማርኩት ይህን ነው። በዚያ ሌሊት ግን ጆሮዬ ላይ አድርጌ እስከ መጨረሻው ሰማኋቸው።

ሁለተኛው ላይ፣ ሁለት ደቂቃ ካለፈ በኋላ፣ እንዲህ ትላለች። ከላክሽልኝ ነጠላዎች ዘጠኙ ጥበባቸው ቀለም ለቆ ነጩን ቀይ አድርጎታል፤ በዚህ ዋጋ የሚገዛኝ አላገኘሁም፤ ልመልስልሽ ወይስ በቅናሽ ልሽጠው፣ አንቺ ንገሪኝ። መልእክቱ ከተላከ አራት ወር ሊሞላው ነው። መልስ አልሰጠኋትም። ያንን ጭነት አስታወስኩት። ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ ሲጫን ዝናብ ነበር፤ ሸራው አጭር ነው ሲሉኝ «ግድ የለም፣ ይደርሳል» ያልኩት እኔ ነኝ።

በማግስቱ፣ በ26፣ ብቻዬን በእግሬ ሄድኩ። በሩን ስትከፍት ፊቷ ተለወጠ፤ ለምን እንደመጣሁ የገመተች ይመስለኛል። ቢሆንም የሐበሻ ቤት ነውና ቡና ቀረበ። ሳልጠይቃት ዘጠኙን ነጠላ ከላስቲክ አውጥታ አልጋው ላይ ዘረጋቻቸው። በጣቴ አሸት አደረግሁት፤ ጥሩ ድር ነው፣ ጥበቡ ግን ደም የነካው ይመስላል። «ለምን ደግመሽ አልደወልሽልኝም?» አልኳት። «ደውዬ ነበር እህቴ፤ አላነሣሽም» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ቅድስት አድርጌ አላቀርባትም። ከሸጠችው ውስጥ የተወሰነውን ለልጇ ትምህርት ቤትና ለሱቁ ኪራይ እንዳዋለችው ነገረችኝ። ተናደድኩ፤ ነገርኳትም። «የእኔን ገንዘብ ሳትነግሪኝ ለምን?» አልኳት። አንገቷን ደፋች። ከዚያ ደብተሬን አወጣሁና ጎን ለጎን ተቀምጠን ሠራነው። የተበላሹት ዘጠኝ ነጠላዎች ይመለሳሉ፤ 10,800 ከዕዳው ላይ ይቀነሳል። ቀሪ 27,200። ከጃንዋሪ ጀምሮ በወር 2,000 በኤምፔሳ። አሥራ ሦስት ወር፣ በአሥራ አራተኛው 1,200። ማሽኑ ካለበት አይነሣም። የማትችልበት ወር ካለ ወሩ ሳያልቅ ትነግረኛለች፤ እኔም እስከ መጨረሻው እሰማታለሁ። ሁለታችንም ፈረምን።

ለደላላው ደውዬ ቀርቷል አልኩት። ቀኑን ይዤልሽ ነበር ብሎ አኮረፈ፤ 500 ሺሊንግ ልኬለት ተስማማን። ዘጠኙን ነጠላ አዲስ አበባ ወስጄ ሙሉ በሙሉ አስቀለምኩና በ800 ሸጥኳቸው። ኪሳራውን በእሷ ስም አልጻፍኩትም፤ በራሴ ስም ጻፍኩት።

ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው። እህቲቱ ሁለት ወር ዘልላለች፤ ሁለቱንም አስቀድማ ነግራኛለች። እስከ ኖቬምበር 18,000 ከፍላለች፣ የቀረው 9,200 ነው። ስሟ አሁን በጥቁር ነው የተጻፈው። ሰማያዊ እስኪሆን ገና ነው፣ ቀይ ግን አይደለም። ማሽኑን ወስጄ ቢሆን ኖሮ ምን አገኝ ነበር ብዬ አስልቼዋለሁ። አሮጌ የስፌት ማሽን በችኮላ ሲሸጥ የሚያወጣውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ስክሩጅ በአንድ ሌሊት ተለወጠ። እኔ በአንድ ሌሊት አልተለወጥኩም፤ አሁንም ከባድ አበዳሪ ነኝ፣ አሁንም ሦስት ቀለም ብዕር እይዛለሁ። የተለወጠው አንድ ነገር ነው። የማንንም ስም በቀይ ከማክበቤ በፊት የላከልኝን መልእክት እስከ መጨረሻው እሰማለሁ። አንዳንዱ ውሸት ሆኖ ይገኛል። አንዳንዱ ግን የእኔ ሸራ አጭር እንደነበር ይነግረኛል።

ዘንድሮም ጾሙ ገብቷል፤ ለፈረንጅ ገና ናይሮቢ እሆናለሁ። በዚህ ጊዜ ባንክ ስለሚዘጋ አይደለም፤ ልጆቹ ጠርተውኝ ነው። ልጄም ከአዲስ አበባ አብራኝ ትመጣለች። ስለ ፊልሙ ስነግራት ሥቃ «ቀጭኔዋንስ መቼ ልናይ ነው?» አለችኝ። ስልኳ ላይ አለ አሉ። ሞያሌ ድረስ መንገዱ ረጅም ነው፤ አውቶቡሱ ውስጥ እናየዋለን።

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ።